አንዱ ለጤናው፣ አንዱ ለአቀማመጡ

ይቺ ሴት የሌለችበት ከተማ ከተማ አይባልም። ከንቲባ ይሻራል፣ ዳኛ ይዛወራል፣ ሐኪምም ዓመት ሳይሞላው ዝውውር ጠይቆ ባሕር ዳር ይገባል፤ እሷ ግን ንቅንቅ የለም። ሥራዋ ሰውን ሐኪም ቤት ማድረስ ነው። የቀጠራት የለም፣ የጠራትም የለም። ሆኖም ያለ እሷ ዕውቅና በዚያ ከተማ የሚታመም ሰው የለም፤ ታምሞ ቢገኝም በሽታው አይጸድቅለትም።

ቡሬ ላይ ይህ ማዕረግ የወይዘሮ ተናኜ ነበር። ሊቀ አስታማሚያን ብንላቸው አይበዛባቸውም። ጃንጥላቸውን በብብታቸው ሸጉጠው፣ ዳቦ ቆሎና ሶፍት የያዘ ፌስታላቸውን አንጠልጥለው ሲወጡ ያየ ሁሉ «ዛሬ ደግሞ ማን ታመመ?» ይላል። የካርድ ክፍሉን ሠራተኛ በአባቱ ስም፣ የጤና ጣቢያውን ዘበኛ በክርስትና ስሙ ያውቁታል። የትኛው መስኮት ቶሎ ተራ እንደሚያደርስ፣ የትኛዋ ነርስ በጾም ወራት እንደምትቆጣ ሲጠየቁ ይመልሳሉ። ሳይጠየቁም ይመልሳሉ።

አድማሴ የሚባል ጎረምሳ ጥርሱን ሊያስነቅል ሲሄድ ሸኙት። ሐኪሙ «የትኛው ነው የሚያምህ?» ሲለው መልሱን የሰጡት እርሳቸው ናቸው። አድማሴ አፉን ከፍቶ ስለነበር መከራከር አልቻለም።

ሙሉ ሥልጣናቸው የሚታየው ግን በነፍሰ ጡር ላይ ነው። ነፍሰ ጡር ብቻዋን መንገድ አትወጣም፤ የአገሩ ወግ ነው። ይህ ወግ ለወይዘሮ ተናኜ ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ማለት ነው። በዚያ ላይ የሰፈሩ ሴቶች የአንድ ለአምስት ጠርናፊ ናቸውና ከአምስቱ አንዷ ካረገዘች ባሏ ሳይሰማ እርሳቸው ይሰማሉ።

ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ ያለ አንድ የግል ክሊኒክ አልትራሳውንድ ያስገባ ሰሞን ከተማው ሁሉ በአንድ ጥያቄ ተወጠረ፤ ያረገዘች ሴት ስንት ጊዜ ነው መታየት ያለባት? አንዷ በየወሩ አለች። ሌላዋ ጨረር ስለሆነ ጭራሽ አይነካ አለች። ልጁ ታይቶ ከሆነ መወለዱ ምን ያስቸኩላል ያለም አልጠፋም። ወይዘሮ ተናኜ ጃንጥላቸውን መሬት ላይ ተክለው ፍርድ ሰጡ።

«ጤነኛ ለሆነች ሁለቴ! አንዱ ለጤናው፣ አንዱ ለአቀማመጡ፣ ከዚያ ወዲያ ያለው ለዶክተሩ ኪስ!»

የሚገርመው፣ ከእውነቱ ብዙም አልራቁም ነበር። የሚርቁት ቀን ሲቆጥሩ ነው። መሣሪያው የመውለጃውን ቀን የሚያትመው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ወይዘሮ ተናኜ በአቶ ደረሰ ሚስት ወረቀት ላይ «ጁን አሥር» የሚል ቢያነቡ፣ ጁን ሰኔ ነው ብለው ለባልየው ሰኔ አሥር ብለው ነገሩት። ደረሰ ከነዘመድ አዝማዱ፣ ከነበጉ፣ በተባለው ቀን ከገጠር ሲደርስ ልጁ ሰኔ ሦስት ቀን ተወልዶ፣ ጠግቦ፣ ስምንተኛ ቀኑን ይዞ ጠበቀው። ገራዡ በር ላይ ቆሟል። ሰው ሁሉ ወደ ወይዘሮ ተናኜ ዞረ።

«ምን ታዩኛላችሁ?» አሉ። «እኔ የቆጠርኩላችሁ ለግርዘቱ ነው።»

ያምሮት ይህን ሁሉ የሰማችው በ2007 ዓ.ም. መስከረም ላይ እርሳቸው ግቢ ውስጥ አንድ ክፍል የተከራየች ሰሞን ነው። የሽንዲ ልጅ ናት፤ አስተማሪ ናት፤ ወደ ቡሬ ተመድባ መጣች። እናቷ ከሞቱ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። ባሏ ስመኘው የመንገድ ሥራ ግሬደር ነጂ ነው። ክረምቱን አብረው ከረሙ፤ መስከረም ሲጠባ እሱ ወደ ቆላ ወረደ፣ እሷ ወደ ቡሬ ወጣች። የሚደውለው እሑድ እሑድ፣ ኔትወርክ ፍለጋ ጉብታ ላይ ወጥቶ ነው።

«እንዴት ነሽ?»

«ደህና ነኝ። አንተስ?»

«እኔማ...» ይላል፤ ይቋረጣል። ያምሮት ያን ያልተጨረሰ ቃል ይዛ ሳምንቱን ትገፋለች።

በታኅሣሥ፣ አምስተኛ ወሯ ላይ፣ ወይዘሮ ተናኜ ጃንጥላቸውን ይዘው በሯን ቆረቆሩ። የቀጠሮዋን ቀን ከእሷ ቀድመው ያውቁታል። ክሊኒኩ ደርሰው ያምሮት ስትገባ እርሳቸው በሩ አጠገብ አግዳሚው ላይ ቀሩ። በሩ ላይ «አስታማሚ ውጭ ይጠብቅ» የሚል ወረቀት ተለጥፏል።

ክፍሉ ጠባብና ጨለም ያለ ነው። ባለሙያው ቀዝቃዛውን ቅባት ሆዷ ላይ ቀብቶ መሣሪያውን ወዲያ ወዲህ አለና «ይኸውልሽ፣ ጀርባው ነው» አላት። «ጀርባውን ሰጥቶሽ ተኝቷል።»

ያምሮት አየች። እንደ ዶቃ የተደረደረ ነጭ ነገር፣ ከእሱ በላይ አንድ ነገር ድው ድው ይላል። ከመስከረም ጀምሮ በዚያች ክፍል ብቻዬን ነኝ ስትል ኖራለች፤ ለካ አብሯት የሚተኛ ሰው ነበር። ጀርባውን ቢሰጥም ሰው ነው። ከዚያ ወጥታ መንገድ ለመንገድ ስትሄድ ለመጀመሪያ ጊዜ ከማንም ጋር መነጋገር አላስፈለጋትም። ቢያስፈልጋትም ወይዘሮ ተናኜ ፋታ አልሰጧትም።

«ጥቁሩን አየሽው? ውሃው ነው። ነጩ አጥንቱ ነው። ድው ድው የሚለው ልቡ ነው። ይሄ የመጀመሪያው ለጤናው ነው፤ ቀሪው አንድ ነው።»

ቤቷ ስትገባ ግን ልጁ የለም። ሆዷ አለ፤ የምታርመው ደብተር አለ፤ ከግድግዳው ወዲያ የሰው ሬዲዮ ይሰማል። ያየችውን ልትነግረው የምትችለው ሰው ጉብታ ላይ እስኪወጣ ድረስ አራት ቀን ይቀረዋል። አለቀሰች። ማልቀሷን ማንም ስላላየ ብዙም አልከበዳትም፤ ወይም ከዚያ በኋላ እንደገባት፣ የከበዳት ይኸው ማንም አለማየቱ ነው።

ሁለተኛው በየካቲት መጨረሻ ሆነ። ጭንቅላቱ ወደ ታች ነው፣ ውሃው በቂ ነው፣ ሁሉም ደህና ነው ተባለች። ስትወጣ ወይዘሮ ተናኜ ከአግዳሚው ተነስተው ጥያቄ ደረደሩባት። ጭንቅላቱ ወዴት ነው? እግሩስ? ሲታይ ይሸሻል ወይስ ዝም ይላል? ፊቱ ይታያል? ያምሮት የምታውቀውን ሁሉ ተናገረች። እርሳቸውም አዳምጠው ሲያበቁ ነጠላቸውን አጣፉ።

«እንግዲህ በቃ» አሉ። «ከእንግዲህ የሚታየው ሲወለድ ነው።»

ይህ «በቃ» ለያምሮት አልበቃትም። «እትዬ ተናኜ፣ አንድ ጊዜ ብንደግመውስ?» አለች።

«ምን ጎድሎት?»

«ምንም። እንዲያው።»

«ልጅ ነው ወይስ ፎቶ ቤት?» አሉ። «እንዲያው ብሎ ሕክምና የለም፣ ልጄ!»

ወይዘሮ ተናኜ በሳምንት አንድ ቀን፣ ሐሙስ ሐሙስ፣ ቡሬን ለዘመዶቻቸው ሐዘን ሲሉ ይተዋሉ። በጠዋት ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ብቅ ይሉና «ፍኖተ ሰላም ለቅሶ አለብኝ» ብለው ይሄዳሉ። ያምሮት መጀመሪያ ነፍስ ይማር ትል ነበር። በኋላ ግን መቁጠር ጀመረች፤ ከመስከረም እስከ መጋቢት በዚህ አኳኋን የሞተባቸው ዘመድ አንድ ቀበሌ ይሞላል። አሁን የሚገርማት የቀሩት ዘመዶቻቸው ስንት ይሆኑ የሚለው ነው።

መጋቢት አጋማሽ ላይ አንድ እሑድ ስመኘው አልደወለም። ሰኞም አልደወለም። ማክሰኞ «ጉብታው ላይ ጭቃ ነበር» የሚል አጭር መልእክት ላከ። ረቡዕ ያምሮት ልጁን አንድ ጊዜ ደግማ ልታይ ቆርጣ ከርእሰ መምህሩ ፈቃድ ጠየቀች። የቡሬው ክሊኒክ ብትሄድ እሷ ሳትመለስ ወሬው ወይዘሮ ተናኜ ዘንድ ይደርሳል። ስለዚህ ሐሙስ፣ እርሳቸው ለቅሶ ከወጡ ከአንድ ሰዓት በኋላ፣ እሷም ፍኖተ ሰላም በሚኒባስ ሄደች። ከተማው ሰፊ ነው፤ ለቅሶ ቤትና ሐኪም ቤት አይገናኙም ብላ ነው።

ከፊት ወንበር አንድ ጆንያ በርበሬ ተጭኗል፤ ተሳፋሪው ሁሉ እስከ ማንኩሳ ያስነጥሳል። አጠገቧ የተቀመጡ ባለጋቢ ሽማግሌ በማስነጠስ መካከል ሆዷን አይተው «ብቻሽን ነሽን፣ ልጄ?» አሏት።

«የሚቀበለኝ ሰው አለ፣ አባባ» አለች። ውሸት ነበር።

ሆስፒታሉ ኮሪደር ውስጥ መጀመሪያ ያየችው ጃንጥላውን ነው። ቀጥሎ ፌስታሉን አየች። ወይዘሮ ተናኜ ከአልትራሳውንዱ ክፍል በር ፊት ለፊት አግዳሚው ላይ ተቀምጠው፣ በሸማ የተከናነበች አንዲት የገጠር ነፍሰ ጡር ዳቦ ቆሎ ያስቆረጥማሉ።

«ነፍሰ ጡር ጾም የላትም፣ ቅሚ! ካርድሽን እንዳትጥዪው፣ ቁጥሩ በላዩ ነው» ይላሉ። ያምሮትን ሲያዩ እጃቸው ፌስታሉ ውስጥ ቀረ።

«ለቅሶስ?» አለች ያምሮት።

«ትምህርትሽስ?» አሉ ወይዘሮ ተናኜ።

የገጠሯ ሴት በስሟ ስትጠራ «እግዜር ይስጥልኝ፣ እማማ፤ ስምዎን እንኳ ሳልጠይቅ» ብላ ገባች። ያን ጊዜ ነው ያምሮት ሴትዮዋ ዘመዳቸውም ጎረቤታቸውም እንዳልሆነች ያወቀችው። አጠገባቸው ተቀመጠች።

«ለቅሶ ነው ስልሽ አልዋሸሁም» አሉ ወይዘሮ ተናኜ። ድምፃቸው ያ አደባባይ የሚያውቀው ድምፅ አልነበረም። «ግሽ ዓባይ በኩል ነው የተዳርሁት። ምጤ ሲመጣ አገሩ ሁሉ ወንዝ ተሻግሮ ሠርግ ሄዷል። ብቻዬን አማጥሁ። ሴቶቹ ሲደርሱልኝ ልጁ ሞቷል። ጠቅልለው ወሰዱት። አትዪው፣ ይብስብሻል አሉኝ። ዘጠኝ ወር ተሸክሜ ስንቴ አየሁት? አንዴም።»

ያምሮት ወደ እርሳቸው ጠጋ አለች።

«ከዚያ ወዲህ ልጅም አልመጣ። ብቻዋን የምትመጣ ሳይ አላስችል ይለኛል። ከገጠር የሚመጡት ደግሞ ሐሙስ ገበያ ሲውል ነው።»

«ታዲያ እዚህ ሲመጡ... የሌላ ሰው ልጅ ሲታይ አይከብድዎም?»

«የት አይቼ?» አሉ ወይዘሮ ተናኜ። ወደ በሩ በአገጫቸው አመለከቱ። «እዚህም ቡሬም ያው ነው፤ አስታማሚ ውጭ ይጠብቅ።»

«ጥቁሩ ውሃው፣ ነጩ አጥንቱ የሚሉትስ?»

«ከምትወጡት እየጠየቅሁ ነዋ።»

ያምሮት የቡሬን ሴቶች ሁሉ አሰበች። በእኚህ ሴት ፍርድ ስንቱ ገባ፣ ስንቱ ወጣ። ደግሞ በየካቲት ያ ሁሉ ጥያቄ፣ ፊቱ ይታያል ወይ የሚለው፣ ለምን እንደነበር ገባት። ስሟ ሲጠራ ተነስታ ገባች፤ ምን እንደምትል ግን አታውቅም ነበር።

ዶክተር ይታገሱ ወጣት ነው፤ ዓይኖቹ እንቅልፍ ያጡ ይመስላሉ። የያዘችውን ወረቀት አገላብጦ አየ።

«ሁለቴ ታይተሻል፤ ሁሉም ደህና ነው» አላት። «ጤነኛ እርግዝና ስድስት ወር ሳይሞላ አንዴ በደንብ ከታየ ይበቃል። ከዚያ በኋላ ምክንያት ሲኖር ነው። ያንቺ እንዲያውም ተርፏል። ዛሬ ምን ሆነሽ መጣሽ? ደም አየሽ?»

«አላየሁም።»

«እንቅስቃሴው ቀነሰ? ራስ ምታት? የእግር እብጠት?»

«የለም።»

«ታዲያ ምክንያቱን ምን ብዬ ልጻፍ?»

ያምሮት ካርዱን አየችው። ብቻዬን ነኝ የሚል የሚጻፍበት ቦታ የለውም። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ የመጣችው ለራሷ ነበር።

«አስታማሚዬ አላዩትም» አለች።

ዶክተሩ ሊቆጣ አፉን ከፈተ። ከዚያ በበሩ ስንጥቅ የገባውን የጃንጥላ ጫፍ አየ። ሐሙስ ሐሙስ እዚያ አግዳሚ ላይ የማይጠፋውን ጃንጥላ እሱም ያውቀዋል፤ ባለጃንጥላዋ የማን ዘመድ እንደሆኑ ግን ጠይቆ አያውቅም።

«ሁለት ደቂቃ» አለ። «ይግቡ፣ እናቴ።»

ወይዘሮ ተናኜ ገቡ። ጃንጥላቸውን የት እንደሚያቆሙት ጠፋቸው። ያምሮት ተጋደመች፣ ቅባቱ ተቀባ፣ የመሣሪያው ማሳያ በራ። ልጁ በዚህኛው ቀን ጀርባውን አልሰጠም። ፊቱን ወደ እነሱ አዙሮ፣ አንድ እጁን ጉንጩ ሥር አድርጎ ተኝቷል።

ሊቀ አስታማሚያን ጥቁሩ ውሃው ነው አላሉም። ነጩ አጥንቱ ነው አላሉም። ለሃምሳ ስምንት ዓመት ሲናገር የኖረ አፍ ዝም አለ። ነጠላቸውን ከራሳቸው ገለጥ አድርገው፣ ታላቅ ሰው ፊት እንደቀረበ ሰው ጎንበስ አሉ።

«እንደምን ዋልክ» አሉት።

ዶክተሩ ካርዱን አንስቶ «ይሄ ስንተኛ ጊዜሽ ነው?» አለ።

«ሦስተኛዬ» አለች ያምሮት።

«የመጀመሪያዬ» አሉ ወይዘሮ ተናኜ።

በመልስ ጉዟቸው፣ ሚኒባሱ ውስጥ፣ ማንኩሳን ሲያልፉ ያምሮት «ለሚቀጥለው ሐሙስ ለቅሶ አለብን እንዴ?» ብላ ጠየቀች። «አለብን እንጂ» አሉ፤ «ነገ ማታ ደግሞ ራትሽ እኔ ዘንድ ነው፤ ሁለት ምድጃ ምን ይሠራል።» ከዚያ አፋቸው ተፈታና ከኋላ ለተቀመጠች አንዲት ሆዷ ገፋ ላለ ሴት፣ ማንም ሳይጠይቃቸው፣ የልጁን እጅ፣ ጉንጩን፣ አተኛኘቱን አስረዷት። ያምሮት መስኮቱን ተደግፋ ታዳምጥ ነበር፤ በዚህኛው ጊዜ የሚናገሩት ሁሉ በዓይናቸው ያዩት ነው።

ከዚያ ወዲህ ቡሬ ላይ ፍርዱ ተሻሽሏል። ስንቴ ልታይ ብላ የምትጠይቃቸው ነፍሰ ጡር ብትኖር ወይዘሮ ተናኜ ጃንጥላቸውን መሬት ላይ ይተክላሉ።

«ሦስቴ! አንዱ ለጤናው፣ አንዱ ለአቀማመጡ፣ አንዱ ለአስታማሚዋ!»

ከዚያ ወዲያ ያለው ግን አሁንም ለዶክተሩ ኪስ ነው።