ቀዩን የነካች መርፌ

አስቀድሜ ልናገር፤ ከዚህ ታሪክ አንዳንዱን ሳላዛንፈው አልቀርም። ቴፑ ጥቁር ይሁን ግራጫ፣ ቀኑ ሐሙስ ይሁን ዓርብ፣ ብትጠይቁኝ አልምልም። የምምለው በድምፁ ብቻ ነው።

ሰው ሩቅ ላለ ሰው ሲያወራ ለምን እንደሚጮህ አስባችሁ ታውቃላችሁ? ዛሬም መካነ ሰላም ገበያ ውስጥ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ የሚያወራ ሰው ካያችሁ፣ ዘመዱ የት አገር እንዳለ ከጩኸቱ መገመት ትችላላችሁ። ለአጅባር መጠነኛ ነው። ለደሴ ደረት ይነፋል። ለዐረብ አገር ከሆነ አህዮች ይደነብራሉ። እኔ ግን አልስቅባቸውም፤ ምክንያት አለኝ።

ዘማች ተማሪዎች ወደ አገራችን በመጡበት ዓመት ነው። ከክፉው ቀን የተረፍነው ገና ሥጋ አልለበስንም ነበር። ታላቅ ወንድሜ አያ ይመር አልተረፈም። ልጁ ሁሴን ረሃቡ ሳይብስ አሰብ ወደብ ለጉልበት ሥራ ወርዶ ስለነበር የአባቱን ሞት አልሰማም። መንደራችን ከተመደቡት ዘማቾች አንዷ፣ የአዲስ አበባ ተማሪ፣ ድምፅ የሚቀዳ ቴፕ ይዛ መጥታ ነበርና፣ የወንድሜ ሚስት ዘሀራ ለልጇ ድምፅዋን ልትልክለት ፈለገች።

ቤቷ ገብተን በሩን ዘጋን። ዶሮዎቹን አስወጣን። ዘማቿ ቴፑን በርጩማ ላይ አስቀምጣ አንዲት ትንሽ መስኮት አሳየችን። ውስጧ መርፌ አለች፤ ሲናገሩ ትነሳለች፣ ዝም ሲሉ ትተኛለች። የመስኮቷ ጫፍ ላይ ቀይ ተቀብቷል። መርፌዋ ቀዩን ከነካች ድምፁ ይሰነጠቃል፤ ሲቀዳ የተሰነጠቀ ድምፅ ደግሞ በኋላ ሲያሰሙት ቢቀንሱት አይድንም አለችን። ቀዩ ቢነካ የሚጠየቀው ማን ነው ብዬ ጠየቅኋት፤ በዚያ ዓመት ሁሉም ነገር ጠያቂ ነበረው። ልብ በሉ፣ ይህች ልጅ ቀኑን ሙሉ ስለ ቀይ ባንዲራ ስታስተምረን የምትውል ናት። ቀይ ስትፈራ ያየኋት እዚያች መስኮት ላይ ብቻ ነው።

ዘሀራ ጀመረች። መርፌዋ አልተነቃነቀችም። ወንድ ባለበት ድምፅዋን ከፍ ሳታደርግ ያደገች ሴት ናት። ሁሴንም ድምፁ የእናቱ ነው፤ ሰላምታውን ለመስማት ጎንበስ ማለት ያስፈልጋል። ዘማቿ ከፍ አድርገው ይናገሩ ብትላት፣ "ልጄ እኮ ነው፤ ደንቆሮ አይደለም" አለች። ማይክራፎኑን አፏ ድረስ አስጠጋንላት። ተራው የኔ ሲሆን አሰብን አሰብኩ። ከበረሀው ወዲያ መሆኑ ታየኝና ጮኽኩ። መርፌዋ ዘላ ቀዩ ላይ ተጋደመች።

"ጋሼ እንድሪስ፣ የሚሰማዎት ቴፑ ነው" አለችኝ ዘማቿ። "እሱ ደግሞ አሰብ አይደለም ያለው፤ እዚህ ፊትዎ ነው።"

ሁለታችንንም አስተካክላ ቀድታ ቴፑን ልትዘጋው ስትል ዘሀራ እጇን ያዘቻት። የአባቱስ ድምፅ? ልጁ ይህን ሰምቶ አባቴ የታል አይልም ወይ? ዘማቿ እውነቱ ይነገረው አለች፤ አብዮቱ ድብቅብቅ እንደማይወድ አስረዳችን።

"በዚህ ሳጥን ልታረጂው ነው?" አለች ዘሀራ። "እዚያ በረሀ ላይ ሲወድቅ ማን ይይዘዋል?"

እኛ ዘንድ መርዶ የሚነገረው በማለዳ፣ ዘመድ ከብቦ ነው። መጥቶ እቅፋችን ውስጥ ሆኖ ይስማው፤ እስከዚያ አባቱ ይቆይለት ተባለ። የማቆየቱ ሥራ ለኔ ደረሰ።

እንግዲህ ችግሬን እዩልኝ። አያ ይመር የራሱን በሬ ሲቆጣ የጎረቤት በሬ የሚቆም ሰው ነበር። እኔ ጮኼ ወፍ አላስነሳም። በመጨረሻው ወር ግን ያ ድምፁ እየወረደ፣ እየወረደ ሄዶ፣ ጆሮዬን ከንፈሩ ላይ አድርጌ ያለውን ለቤተሰቡ የምደግመው እኔ ነበርኩ። ለሥራው ጨርሶ እንግዳ አይደለሁም አልኩ።

መጀመሪያ ረጋ ብዬ ሞከርኩ። መልሳ ስታሰማን ዘሀራ ራሷን ነቀነቀች፤ "ይህማ አንተ ነህ።" ቁጣ ጨመርኩበት። "ይህ የተቆጣህ አንተ ነህ።" በሦስተኛው ዓይኔን ጨፍኜ ለቀቅኩት። "አንተ ሁሴን፣ ደህና ነኝ! በሬዎቹም ደህና ናቸው!" በሬዎቹ ከወንድሜ በፊት ነው ያለቁት፤ ግን ወንድሜን ካስነሳሁ በኋላ በበሬ የምሰስትበት ምክንያት አልታየኝም። መርፌዋ ቀዩ ላይ ተኝታ ቀረች። መልሰን ስንሰማው ቆርቆሮ ላይ በረዶ የሚወርድ ይመስላል፤ ከበረዶው ሥር አንድ ሰው ይጮሃል፤ ማን እንደሆነ አላህ ይወቅ።

ዘሀራ ሻሿን አፏ ላይ ያዘች። "እሱ ነው" አለች።

በአጥሩ ጥግ ሲያልፍ የነበረ ጎረቤታችን፣ መቃብሩን ከቆፈሩት አንዱ፣ አካፋውን ጥሎ መሮጡን የሰማነው በኋላ ነው። ዘማቿ የድምፁን ማዞሪያ ለቀቀችና፣ እንዲሁ ይሂድ አለች።

ካሴቱ በአቀስታ በኩል በአንድ የጭነት መኪና ሹፌር እጅ ሄደ። ወራት አለፉ። ዘማቿ ወደ አገሯ ልትመለስ ጓዟን ስትሸክፍ፣ ያው ሹፌር መልስ አመጣልን። በሩን ዘጋን። ዶሮዎቹን አስወጣን። መጀመሪያ አንድ የማናውቀው ሰው ረጋ ባለ ድምፅ ሰላም አለን። ከሁሴን ጋር አንድ ቤት እንደሚያድር፣ ሁሴን ደህና እንደሆነ፣ አሁን ራሱ እንደሚናገር ገለጸ። ቀጥሎ ያው የቆርቆሮ በረዶ ወረደ፤ ከሥሩ አንድ ሰው ይጮሃል። "እማዬ፣ ደህና ነኝ! ሥራውም ደህና ነው!"

ያ ጎንበስ ካላልን የማንሰማው ልጅ።

ዘማቿ ድምፁን ቀነሰችው። አነሰ እንጂ አልጠራም። ቀና ብላ አየችኝ፤ እኔ ዶሮዎቹ የወጡበትን በር አየሁ። ዘሀራ እስከ መጨረሻው ሰማችና ሻሿን አስተካከለች።

"ድምፁ የአባቱ ሆነ" አለች።

ምን ማለቷ እንደሆነ አልጠየቅኋትም፤ እስክትሞትም ድረስ አልጠየቅኋት። ከዚያ ወዲህ ስለ ሁሴን የሰማሁት ወሬ የለም። ቀኑ ሐሙስ ይመስለኛል።