ሽማግሌ በብስክሌት

እኔ ሮም ውስጥ መንገድ የምሻገረው አማትቤ ነው። እናንተስ? ቀይ መብራት እዚህ ለሹፌር ምክር እንጂ ትእዛዝ አይደለም። ቢፈልግ ይሰማል፣ ባይፈልግ ይተወዋል። ታዲያ በዚያ በደርግ ዘመን ተስፋዬ መጥቶ «መኪና የሚባል ነገር ዝር የማይልበት መንገድ አለ» ሲለኝ እንዴት ልቤ አይሸፍት?

መንገዱ ያለው ወደ ሰሜን ነው፤ አልፕስ ተራሮች መሃል፣ አንድ ሸለቆ ውስጥ። ድሮ ባቡር ይሄድበት ነበር አሉ። ሐዲዱ ተነቀለና ለብስክሌት ተተወ። ግራና ቀኙ ሣር ነው፤ ከጎኑ ወንዝ ይወርዳል፤ ላሞቹ አንገታቸው ላይ ደወል አላቸው። ጣሊያኑም ጀርመኑም በጋ በመጣ ቁጥር ለሽርሽር ይጎርፍበታል። እኔና ጋሽ መኩሪያ ግን የሄድነው ለሽርሽር አይደለም። ሽማግሌ ሆነን ነው።

አትሳቁ፣ ነገሩን ልንገራችሁ። ተስፋዬ ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ አጠገብ ካለ ምግብ ቤት ሳህን የሚያጥብ ልጅ ነበር። ጨዋ ልጅ። አልማዝ የምትባል ልጅ ወደደ። አልማዝ ደግሞ የምትኖረው ከአክስቷ ከእትዬ ዘውዲቱ ጋር ነው። እትዬ ዘውዲቱ ወጥ ቤት ናቸው። ክረምቱን ሮም፣ በጋውን እዚያ ሸለቆ ጫፍ ላይ ካለች አንዲት ፔንሲዮኔ፣ ትንሽ የእንግዳ ማረፊያ ውስጥ ያበስላሉ፤ አልማዝም አብራቸው አልጋ ታነጥፋለች። በዚያ ዓመት ታዲያ ስዊድን ያለ አጎቷ ቪዛ አስጨረሰላት። ከተራራው እንደወረደች ጉዞ ነው። ተስፋዬ ከሳ። ልጅቷን ቢጠይቃት «አክስቴ ከፈቀደች እቀራለሁ፤ ካልፈቀደች እሄዳለሁ» አለችው። እናትና አባቷ አዲስ አበባ ናቸው፤ በዚያን ጊዜ ደብዳቤ ብትጽፍ ከእናት አባት ቀድሞ ሌላ ሰው ያነበዋል። ስለዚህ እናትም አባትም እትዬ ዘውዲቱ ሆኑ።

ሽማግሌ መላክ አለበት ተባለ። ከየት ይምጣ? ያኔ ሮም ያለነው ሁሉ አገር ጥለን የወጣን ጎረምሶች ነን። ሽበት ከጤፍ ይልቅ ብርቅ ነበር። እንደ ምንም ጋሽ መኩሪያ ተገኙ። የአንድ ሕንፃ ዘበኛ ናቸው፤ ሽበት አላቸው፣ ግርማ አላቸው፣ ከግርማቸው የሚቀድም ሆድም አላቸው። እኔ የተመረጥኩት ራሰ በራ ስለሆንኩ ነው። ለሦስተኛነት የታሰቡት ሽማግሌ «ብስክሌት» የሚል ቃል እንደሰሙ ወገባቸውን ያዛቸውና ቀሩ። ጋሽ መኩሪያ ግን ሳቁ። «እኔን በወጣትነቴ ድሬዳዋ ላይ በብስክሌት የሚቀድመኝ ማን ነበር?» አሉ። ድሬዳዋ ሜዳ መሆኗን ልብ በሉልኝ።

በባቡር ሄደን ሸለቆው አፍ ላይ ወረድን። ሙሉ ልብስ ከነከረባቱ፣ ከላይ ነጭ ኩታ። ሁለት ብስክሌት ተከራየን። በሬ ሆይ፣ ሣሩን አየህና ገደሉን ሳታይ! መኪና የለም የሚለውን ስንሰማ፣ ዳገት አለ ወይ ብሎ የጠየቀ የለም። ተስፋዬማ «ሕፃናት ሳይቀሩ ይነዱበታል» ብሎን ነበር። እውነቱን ነው። ግን ሕፃናቱ ሁሉ የሚመጡት ከላይ ወደ ታች ነው። ለካ ጠዋት ጠዋት በሌላ መንገድ እነሱንም ብስክሌታቸውንም ጭኖ የሚያወጣ አውቶቡስ ኖሯል። እኛ ስንደርስ ሄዷል። ሽቅብ የምንወጣው እኔና ጋሽ መኩሪያ ብቻ ነን። የሚወርደው ሁሉ ኩታችንን እያየ «ፎርሳ! ፎርሳ!» ይለናል። በርቱ ማለቱ ነው።

ገና ከመነሳታችን የጋሽ መኩሪያን ኩታ ሰንሰለቱ ጎረሰው። ስንጎትት ጥለቱ ጥቁር ግሪስ ሆኖ ወጣ። እሱን አስተካክለን ትንሽ እንደሄድን አንዲት ትንሽ የጸሎት ቤት አገኘን። የእመቤታችን ሥዕል ያለባት፣ ሁለት ሰው የማትይዝ። ጋሽ መኩሪያ ወዲያው ወረዱ። ባርኔጣቸውን አወለቁ፣ አማተቡ፣ ተሳለሙ። ደግ ነው፤ አገራችንም ሰው ቤተ ክርስቲያን ሲያልፍ ከበቅሎው ይወርዳል። እኔም ወረድኩ።

ያ ሸለቆ ግን ጉድ ነው! በየመታጠፊያው የጸሎት ቤት አለ። ጋሽ መኩሪያም በየመታጠፊያው ይወርዳሉ። «ጋሼ፣ ይሄ እኮ የካቶሊክ ነው» አልኳቸው። «እመቤታችን የትም እመቤታችን ናት!» ብለው ተቆጡኝ። ቆይቼ አንድ ነገር አስተዋልኩ። ዳገቱ በጠና ቁጥር ጸሎታቸው ይረዝማል። መጀመሪያ አባታችን ሆይ ነበር፤ ኋላ ውዳሴ ማርያም ከነመልክዋ ሆነ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ እኔም በዚያን ቀን ጸሎት ወድጄ ነበር።

በመጨረሻ ፔንሲዮኔዋ ከበላያችን ታየች። ሰገነቷ ላይ ቀይ አበባ ተደርድሯል። መንገዱ እየተጠማዘዘ ወደ እሷ ይወጣል፤ የጸሎት ቤቶቹ ግን በዚህ በኩል ተመናመኑ። ጋሽ መኩሪያ ግራ ቀኝ ቢያዩ የለም። ትንፋሻቸው እንደ ወናፍ ይጮኻል። ድንገት ከአንዲት የእንጨት ጎጆ ፊት ወረዱና አማተቡ። «ጋሼ፣ ይሄ የላሞች ድርቆሽ የሚከማችበት ነው» አልኳቸው። ዞር ብለው አዩኝና «ጌታችን የተወለደው የት ሆነና?» አሉ።

ደረስን። እትዬ ዘውዲቱ ሽርጣቸውን እንደታጠቁ በር ላይ ቆመው ጠበቁን። መቼም ሽማግሌ የመጣበትን ሳይናገር አይቀመጥም። ቆሞ ነው የሚለምነው። ጋሽ መኩሪያ ግን ያገኙት ወንበር ላይ ዘጭ አሉ። ቃሉን እኔው ተናገርኩ፤ ልጃችን ልጃችሁን ፈልጎ፣ ለቁም ነገር መጥተናል አልኩ። እትዬ ዘውዲቱ ፊታቸውን ሳይፈቱ ሰሙኝ። ከዚያ እንደ ደንቡ «መልካም። እንመክርበታለን። ሳምንት ተመልሳችሁ ኑ» አሉ።

ደንብ ነው፤ በመጀመሪያው ቀን እሺ የሚል ዘመድ የለም። ግን ጋሽ መኩሪያ «ተመልሳችሁ» የሚለውን ሲሰሙ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «እትዬ ዘውዲቱ፣ ይሄን ዳገት ደግሜ ከምወጣ ልጅቷን እኔው ስዊድን ድረስ ባደርሳት ይቀለኛል!» አሉ። እግራቸውን ረገጥኳቸው፤ ምን ዋጋ አለው፣ ወጥቷል። አልማዝ ውሃ ይዛ መጣች። ግማሹን ትሪው ላይ ደፋችው። አንጀቴን በላችው። ተስፋዬ እዚያ ሮም ሳህን ሳይሰብር እንደማይውል አሰብኩ። እትዬ ዘውዲቱ ወደ ውስጥ ገብተው ቆዩ። ሲመለሱ ድምፃቸው ለስልሷል።

«ከሰገነቱ ሆኜ ሳያችሁ ነበር» አሉ። «እየወረዳችሁ፣ እያማተባችሁ ነው የመጣችሁት። እንዲህ ያለ ሽማግሌ የላከ ልጅ ክፉ አይሆንም። ቫ ቤኔ፣ እሺ፣ ሰጥቻለሁ።»

ከወጥ ቤቱ በኩል አንድ ነገር ተሰበረ። አልማዝ ነበረች። ጋሽ መኩሪያ ቀና ብለው የቅዱስ ፊት አሳዩኝ። እኔ ሳቄን ዋጥኩ።

መመለሻው ቁልቁለት ነው። ወዳጆቼ፣ ምን ልበላችሁ! ነፋሱ፣ የጥዱ ሽታ፣ የላሞቹ ደወል፣ መኪና የለ፣ ጡሩምባ የለ። ጋሽ መኩሪያ ኩታቸው እየተርገበገበ «ድሬዳዋ!» እያሉ ይጮኻሉ። እንደዚያ ቀን ተደስቼ አላውቅም። ያቺን ጎጆ አለፍናት። የጸሎት ቤቶቹንም አንድ ባንድ አለፍናቸው። መውረድ ቀርቶ አንገቱን ያዞረ የለም።

ሠርጉ ሮም ሆነ። እኛን እትዬ ዘውዲቱ አጠገብ አስቀመጡን። ጋሽ መኩሪያ ትልቅ ጉርሻ እንደጎረሱ እትዬ ዘውዲቱ ጠጋ አሉ። «ጋሽ መኩሪያ፣ ስትወርዱም እኮ ሰገነቱ ላይ ነበርኩ» አሉ።

ጉርሻው ትን አላቸው። ጀርባቸውን መታሁላቸው። «ታዲያ ለምን ሰጡን?» አልኩ እያፈርኩ።

«አሎራ፣ ታዲያ ስትወጡስ ያላወቅኩ መሰለህ? ድርቆሽ ስትሳለሙ አይደል ያየኋችሁ! ለእግዚአብሔር ብሎ የሚወርድማ ሞልቷል። በዚህ ሆድ ለሰው ልጅ ብሎ ዳገት የሚወጣ ግን አላየሁም፤ ልጄን የሰጠሁት ለእሱ ብዬ ነው» አሉ።

አልማዝ ስዊድንን ሳታይ ቀረች፤ ከተስፋዬ ጋር ሮም ወልዳ ከበደች። ጋሽ መኩሪያም ስማቸው ገነነ፤ ሽማግሌ የፈለገ ሁሉ እሳቸው ዘንድ ይሄዳል። ሌላው ሽማግሌ «ልጅቷ የማን ልጅ ናት?» ብሎ ይጀምራል። እሳቸው ግን መጀመሪያ የሚጠይቁት «ስንተኛ ፎቅ ነው የምትኖረው?» ብለው ነው።