ያለ ደመወዝ መለማመድ

«ደመወዙ ይቅርና ልምዱን ያዢ» የሚል አለቃ ገጥሟችሁ ያውቃል? በደርግ ጊዜ ፍኖተ ሰላም ላይ እኔን ገጥሞኛል። የቀበሌያችን ሊቀመንበር ነበር፤ ስሙን አልጠራም፤ ልጆቹ ዛሬም ቡሬ አሉ። በነፃ ታይፕ ስመታለት ከረምኩ። አባቴ ከማንኩሳ «ካልቀጠሩሽ ተመለሺና አግቢ» ብለው ስለላኩብኝ እንቅልፍ አጣሁ።

በሂስና ግለ ሂስ ስብሰባ ላይ ተነሣሁ።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ መቼ ነው የሚቀጥሩኝ?»

ሰው ሁሉ አንገቱን ደፋ።

«ጓዲት፣ ሌላው ለአብዮቱ ደሙን ሲሰጥ አንቺ ደመወዝ ትጠይቂያለሽ?»

በዚያ ዘመን ከእንዲህ ያለ ጥያቄ በኋላ የት እንደሚታደር ማን ያውቃል? ፈርቼ ግለ ሂስ አደረግሁ፤ ምሳ የሚያምረውን ሆዴን ሳይቀር በአድኃሪነት ከሰስኩት። ተጨበጨበልኝ።

«ግሩም ነው!» አለ አለቃዬ። «ቃለ ጉባኤውን አንቺው መትተሽ አምጪ።»

ምናልባት ይቀጥረኝ ይሆናል ብዬ፣ አንዲት ፊደል ሳልስት መታሁት።