ሌላው ሲያርፍ ማየት የማይወዱት አጎቴ

ያኔ ሠላሳ አንድ ዓመቴ ነበር። ማይክሮኮንትሮለር የምትባለውን ጥፍር የምታህል፣ የታዘዘችውን የምትሠራ የኮምፒውተር ቺፕ ከኢንተርኔት ተምሬ፣ ቡታጅራ አጎቴ ግቢ ለተሰጣው በርበሬ የዝናብ ጠባቂ ሠራሁባት። ሥራዋ መተኛት ነው፤ ጠብታ ሲነካት ብቻ ነቅታ ትጮኻለች። እንዲህ ስለምትተኛም አንዲት ትንሽ ባትሪ ዓመት ታቆያታለች።

ሌላው ሲያርፍ የሚያማቸው ዘመድ የላችሁም? አጎቴ ባለፉ ባገደሙ ቁጥር የመሞከሪያ ቁልፏን እየተጫኑ ያስጮኋት ነበር።

«አጎቴ፣ ይተዉዋት ትተኛ።»

«በርበሬዬ ደጅ ተሰጥቶ ማን ነው የሚተኛው?»

በሳምንቱ ባትሪው አለቀ። በማግስቱ ዘነበ፤ ጠባቂዋ ዝም፣ በርበሬው ግማሹ ራሰ።

«ሰነፍ ናት አላልኩሽም?»

«እርስዎ እየቀሰቀሱ ጨረሷት እንጂ።»

አጎቴ በነጋታው አዲስ ባትሪ ገዝተው መጡ፤ እንዳትነካ ቁልፏ ላይ ቆርቆሮ መቱባትና እሳቸውም ከቤቱ ጥላ ሥር ጋደም አሉ።