ጋሽ ታደሰ ያልጨረሱት ፊልም

ፊልም ላይ ወንድ ቀሚስ ለብሶ ሲመጣ ሳቅ የሚገድለው ሰው አላጋጠማችሁም? የቀጨኔው ጎረቤቴ ጋሽ ታደሰ እንደዚያ ናቸው። እሁድ ዕለት እኔ ቤት ባየነው ፊልም ላይ አንድ ጎረምሳ ከፖሊስ ለማምለጥ የእናቱን ቀሚስ ለብሶ ሻሿን አሰረ። ጋሽ ታደሰ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ።

ፖሊሶቹ ሄዱ። ልጁ ግን ቀሚሱን አላወለቀም፤ መስታወት ፊት ቆሞ ሻሹን አስተካከለና ፈገግ አለ። ይኼኔ እናቱ በሩን አንኳኳች።

ጋሽ ታደሰ ሪሞቱን ነጥቀውኝ ፊልሙን አጠፉት። «ይሄ ደግሞ ምን የሚሉት ነው?»

እኔ የምለው፣ ቀሚሱ ያው አይደለም እንዴ? የጎደለው ፖሊስ ብቻ ነው!

በማግስቱ ማለዳ በሬ ተንኳኳ። ጋሽ ታደሰ ናቸው። ግራ ቀኙን አይተው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ያ ልጅ... እናቱ ስታየው ምን አለችው?»