የጭቃው በሬ ጠረጴዛ የተሻገረበት ታሪክ

በዘመነ ማርቆስ፣ በወርኃ ግንቦት፣ ዱርሲቱ ገርባ፣ እመ ሥዕላት፣ ስልኳ ከእጇ የማይለይ፣ ለጭቃ ነፍስ እዘራለሁ ብላ ወደ ፊልም ትምህርት በገባች በሦስተኛው ዓመት፣ የሱሉልታዋ ወይዘሮ ተረፈች፣ እርፍ ጨባጭ፣ ትልም ቀዳጅ፣ አሥራ አንድ ክረምት ከበሬ ኋላ የሄዱት፣ በገዛ ቤታቸው በገዛ ወንበራቸው ተቀምጠው ሳለ እንደሌሉ ተቆጠሩ። ምክንያቱም ፊደል አልቆጠሩም ተባለ። ፊደል ያልቆጠረ ሰው እግር መቁጠር የማይችል መሰላቸው! በሬ አራት እግር እንዳለው ለማወቅ ሀ ሁ የሚያስፈልግ ይመስል!

የነገሩም ሥር እንዲህ ነው። ዱርሲቱ የወይዘሮ ተረፈች የልጅ ልጅ ናት። የምትማርበት ኮሌጅ የመመረቂያ ፊልም ሥሪ ባላት ጊዜ ከወንዝ ዳር ጭቃ አምጥታ፣ ሽቦ አጥንት አድርጋ፣ ጥቁር አዝሙድ ዓይን አድርጋ፣ ቁመቱ አንድ ስንዝር የሆነ በሬ ሠራች። ከዚያም በሬውን የጸጉር ያህል ታንቀሳቅሰዋለች፣ በስልኳ ፎቶ ታነሣዋለች፤ ደግሞ ታንቀሳቅሰዋለች፣ ደግሞ ታነሣዋለች፤ አሥራ ሁለት ፎቶ ሲጠራቀም አንዲት ሰከንድ ይሆናል፤ ፎቶዎቹ ተከታትለው ሲሮጡም ጭቃው ይሄዳል። ይህን አኒሜሽን ይሉታል። ሥራ ፈት የፈጠረው ከባድ ሥራ ነው።

ወእምዝ መምህር እውነቱ፣ ሊቀ አኒሜሽን፣ ባለ ክብ መነጽር፣ ከወንበሩ ሳይነሣ ሰውን ሁሉ የሚያስነሣ፣ የበሬውን አካሄድ አይቶ ይህን አዋጅ አስነገረ፦

«ይህ በሬ አይደለም፤ ሲጎተት የሚንገጫገጭ ጠረጴዛ ነው። እስከ ዓርብ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ እንደ በሬ የሚሄድ በሬ ያላመጣ ተማሪ ዓመቱን ይደግማል!»

ይህም አዋጅ ሱሉልታ በደረሰ ጊዜ የዱርሲቱ አባት ገርባ፣ የወይዘሮ ተረፈች የበኩር ልጅ፣ ቁጣው ከማሰቡ የሚቀድም፣ በግቢው መካከል ቆሞ ሌላ አዋጅ ጨመረበት፦

«የሚደገም ትምህርት ይበቃናል! ጫንጮ ያለው አጎቷ ለእህል መጋዘኑ ሚዛን የሚይዝለት ሰው አጥቷል። በሬው ዓርብ ካልሄደ እሷ ቅዳሜ ትሄዳለች። ጭቃውም ስልኩም እዚሁ ይቀራል!»

ያን ጊዜ ዱርሲቱ ጠቆረች፤ እህል አልቀምስም አለች፤ ሚዛን ለመያዝ የተፈጠሩ ጣቶች አይደሉምና። በማክሰኞም ሠራዊቷን ሰብስባ ወደ መስክ ዘመተች። የዘመቱትም እነዚህ ናቸው፦ የትምህርት ጓደኛዋ ያኔት፣ የስልክ ማቆሚያውን እንደ ጦር በትከሻዋ የተሸከመች፤ ባለሱቋ ጎረቤት ሰዓዲያ፣ ሱቋን ዘግታ፣ ፀሐይ ይመልሳል የተባለ የብር ወረቀት የለጠፈችበትን ካርቶን የያዘች። የዘመቱትም በጎረቤታቸው በኦቦ ቢቂላ በሬ በዳለቻ ላይ ነበር፤ እርሱም ሰፊ ግንባር፣ ከባድ ሻኛ፣ ለማንም የማይቸኩል ነው። ዳለቻም ካሜራውን ባየ ጊዜ ቆመ። ሦስት ሰዓት ሙሉ እያመሰኳ እንደ ሽማግሌ ዳኛ አያቸው። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አሥራ ሁለት እርምጃ ሄደ፤ ነገር ግን ሣሩ ረጅም ነበርና እግሩ አልታየም። ሠራዊቱም ተሸንፎ፣ ጭቃ ለብሶ ተመለሰ። ከዚያ በኋላ ስልኩን አገላበጡት፤ ፈረስ አገኙ፣ ውሻ አገኙ፣ ዝሆን እንኳ አገኙ፤ የሚያርስ የሱሉልታ በሬ ግን አልተገኘም፤ ኢንተርኔት ቀንበር ተሸክሞ አያውቅማ።

ወይዘሮ ተረፈች ይህን ሁሉ ከወንበራቸው ሆነው ሲያዩ ቆይተው፣ ማንም ሳይጠይቃቸው፣ ወደ ጭቃው በሬ ጎንበስ ብለው ተናገሩ፦

«ስሙ! ይህ በሬ የፊት ቀኙንና የኋላ ግራውን አንድ ላይ ያነሣል። እንዲህ የሚሄድ ጅብ ያባረረው በሬ ነው! ቀንበር የለመደ በሬ አስቀድሞ የኋላ ግራውን ያነሣል፣ ተከትሎ የፊት ግራውን፤ ከዚያ የኋላ ቀኙን፣ ተከትሎ የፊት ቀኙን። የኋላው ኮቴ የፊተኛው በለቀቀው ዳና ላይ ያርፋል። በቃ!»

ዱርሲቱ ግን፣ ትምህርት ጆሮዋን የደፈነው፣ በትሕትና እንዲህ ስትል የአያቷን አዋጅ ሻረችው፦

«አኮዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ይሄ እርሻ አይደለም፣ አኒሜሽን ነው። የራሱ ሕግ አለው። እርስዎ ደግሞ አልተማሩትም።»

አልተማሩትም! ባላቸው ኦዳ ባረፉ ጊዜ፣ ልጆቹ ገና በእንብርክክ ሲሄዱ፣ ሴት እርፍ አትጨብጥም የሚለውን የአገር ወግ ረግጠው፣ የሰው ሳቅ እንደ ዝናብ እየወረደባቸው ጥማዱን የነዱ ማን ሆኑና! ፊት ፊት የሚሄድ ሰው የበሬ ቀንድ ያያል፤ ከኋላ የሚሄድ ግን ኮቴ ነው የሚያየው። አሥራ አንድ ክረምት ኮቴ አዩ። ይህ መማር ካልተባለ ምን ሊባል ነው?

ስለዚህ በነጋታው ረቡዕ፣ ከረፋዱ በአራት ሰዓት፣ ወይዘሮ ተረፈች ነጠላቸውን በወገባቸው ታጥቀው፣ ጉልበታቸውን በማዳበሪያ ከረጢት ጠምጥመው፣ ወደ ግቢው ወጡና በአራት እግራቸው ቆሙ። በቀኛቸው ሰዓዲያ ጃንጥላ ዘርግታ ነበረች፤ በግራቸው ያኔት ድንጋይ እየለቀመች መንገድ ታቀና ነበር፤ ከፊታቸው ወደ ጎን ፈንጠር ብላ ዱርሲቱ በሆዷ ተኝታ፣ ስልኳን ደግና ወደ ኋላ ትሳብ ነበር፤ ከኋላቸውም ሳይጠሩ የመጡ ሁለት ዶሮዎችና የሚያየውን ማመን ያቃተው ውሻ ተከተሉ። ይህም አዋጅ ተነገረ፦

«የሳቀ ሰው በልጅ ልጄ ምርቃት ድርሽ እንዳይል!»

ማንም አልሳቀም። ሰዓዲያ ብቻ ጃንጥላው ተንቀጠቀጠባት።

ከበሩ ተነሥተው ወደ ውሃው በርሜል ሲገሰግሱ፣ ኦቦ ቢቂላ የዕድር መልእክት ይዘው በበሩ ገቡ፤ ወይዘሮዋንም በአራት እግር ባዩ ጊዜ የወደቁ መስሏቸው ሊያነሡ ሮጡ። ወይዘሮ ተረፈችም ቀና ሳይሉ፣ በዕድሜ የሚያንሷቸውን ጎረቤት በአንተ አዘዙ፦

«ቢቂላ፣ አልወደቅሁም፤ ሥራ ላይ ነኝ! ከመጣህ አይቀር ንዳኝ፤ ፍጥነቴ አልተስተካከለም!»

ኦቦ ቢቂላም የዕድሩን ነገር ረስተው፣ ከአጥሩ ቀጭን እንጨት መዝዘው፣ እያፏጩ ከኋላ ተከተሉ። በርሜሉ ጋ በደረሱም ጊዜ፣ ትልም ጫፍ የደረሰ ገበሬ ልማዱን አይተውምና፣ ተመለስ! ብለው ጮኹ። ወይዘሮ ተረፈችም ሳያስቡት ዞረው ተመለሱ። ስለዚህ ዱርሲቱ የቀኙንም የግራውንም አካሄድ በአንድ ቀን ቀረጸች፤ ያኔትም ቪዲዮውን አዘግይታ ስታይ የኋላው ጉልበት የፊተኛው እጅ በለቀቀው ዳና ላይ አረፈ። ዱርሲቱም አልተማሩትም ያለ አፏን በእጇ ሸፈነች። በዚያ ቤት ይህ ትልቅ ይቅርታ ነው።

ሐሙስ ዕለት ጠረጴዛው በመካከለኛው ክፍል ተተከለ፤ በላዩም የጤፍ ጭድ ተነሰነሰ፤ ዱርሲቱም ከሁሉ የከበደውን አዋጅ አወጀች፦

«ይህ ጭቃ ይንቀሳቀስ ዘንድ ሌላው ሁሉ ይቁም! ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ጀምሮ በዚህ ቤት የሚራመድ፣ የሚያስነጥስ፣ በር የሚገፋ አይኑር!»

ገርባ እንኳ ጫማውን አውልቆ ደጅ ተቀመጠ። ወይዘሮ ተረፈች መብራቱን በእጃቸው ይዘው ስምንት ሰዓት ሙሉ አልተነቃነቁም፤ ዝንብ አፍንጫቸው ላይ ተቀምጣ፣ ሰልችቷት፣ ሄደች። የኋላ ግራ፤ ፎቶ። የፊት ግራ፤ ፎቶ። በአምሳ አንደኛው ፎቶ ሰዓዲያ አዋጁን ጥሳ አስነጠሰች፤ ጠረጴዛው ተናወጠ፤ የበሬው ቀንድ ወደቀ። ሰዓዲያም ስለ ኃጢአቷ ካሳ በአፏ የነበረውን ማስቲካ አውጥታ ሰጠች፤ ቀንዱም በማስቲካ ተተከለ፤ ዘመቻውም ቀጠለ። በዘጠና ስድስተኛው ፎቶ በሬው የጠረጴዛውን ጫፍ ረገጠ።

ፎቶዎቹም በተከታተሉ ጊዜ፣ ዓይን ያየው፣ ጆሮም የሰማው፣ ስምንት ሰከንድ ያህል ጭቃው ሄደ። ጠረጴዛ አልመሰለም፤ ከቀንበር ተፈትቶ ወደ ቤቱ የሚመለስ በሬ መሰለ። ሰዓዲያ ወፌ ቆመች! አለችና አለቀሰች። ዱርሲቱ ግን ተንበርክካ፣ ማዳበሪያውን ፈትታ፣ የተላጠውን የአያቷን ጉልበት ሳመች።

ዓርብ መምህር እውነቱ ፊልሙን ሦስት ጊዜ አይቶ፣ መነጽሩን አውልቆ ጠርጎ፣ አራተኛ አይቶ፣ ፍርዱን አሰማ፦

«በሬው በሬ ሆኗል። ዱርሲቱ አልፋለች፤ ከመቶ ሰማንያ ሁለት። አሥራ ስምንት የቀነስኩት በሬው ሲሄድ ዳሌውን እንደ አሮጊት ስለሚያወዛውዝ ነው።»

ገርባም የጫንጮው መጋዘን ሌላ ሰው ይፈልግ ሲል የቀድሞውን አዋጅ በገዛ አፉ ሻረ፤ በግቢውም እልልታ ሆነ፤ ለወይዘሮ ተረፈችም ምስጋና እንዲህ ተደረሰ፦ ሰላም ለአብራክኪ፣ ጠጠር ላልመለሳቸው፤ ሰላም ለእደዊኪ፣ ትናንት እርፍ ዛሬ መብራት ለጨበጡ፤ ሰላም ለዐይንሽ፣ መጽሐፍ ሳያይ ኮቴ ላነበበ፤ ሰላም ለወገብሽ፣ ሰባ አራት ዓመት ተሸክሞ በሬ ለሆነ! የፊደል አባቶች ቢሰለፉ የማይደርሱብሽ፣ የጭቃ ነፍስ አባት፣ የዳለቻ መምህር፣ ዘመንሽ ይርዘም!

ወይዘሮ ተረፈችም ምስጋናውን እስከ መጨረሻው ካዳመጡ በኋላ፣ አጭር ነው ብለው፣ ይህን የመጨረሻ ቃል በልጅ ልጃቸው እጅ ወደ ኮሌጁ ላኩ፦

«ለመምህር እውነቱ ይድረስ። ዳሌው እንደ አሮጊት የተወዛወዘው የአሮጊት ስለሆነ ነው። አሥራ ስምንቱ ግን የኔ ነው፤ አልተወውም። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ግቢዬ ድረስ ና። ከረጢቱን አጥቤ አስቀምጬልሃለሁ። ከበሩ እስከ በርሜሉ በአራት እግርህ ሂድልኝ፤ ቢቂላ ይነዳሃል፤ ከመቶ ስንት እንደምታገኝ እኔ እነግርሃለሁ!»