የክቡር ገዢ ሜትር

ዳቦ ይሽጥ ምስማር፣ ሱቅ የከፈተ ሰው ሁሉ አንድ የማይገዛ ደንበኛ አለው። ፈጣሪ ነጋዴን ትዕግሥት ሊያስተምር ሲፈልግ ገበያውን አይዘጋበትም፤ ይህን ሰው ይልክለታል። ሰውዬው ከሁሉ ቀድሞ ይመጣል፣ ከሁሉ አብዝቶ ይጠይቃል፣ ዕቃውን እንደ ገበያ በግ ዳብሶ ዳብሶ “እግዜር ይስጥልኝ” ይልና እጁን ኪሱ ከትቶ ይወጣል።

ለላፕቶፕ ሻጯ የደረሷት ግን እንዲህ ተራ የማይገዙ ደንበኛ አልነበሩም። ከእሷ ሱቅ ሁለት በር አልፎ ያሉት ልብስ ሰፊ ናቸው። አራት ዓመት ሙሉ፣ ሰኞ በመጣ ቁጥር፣ የልብስ መለኪያ ሜትራቸውን እንደ ኒሻን አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ከተፍ ይላሉ። በአራት ዓመት ውስጥ አንዲት ማውዝ እንኳ አልገዙም። ስለዚህ “ክቡር ገዢ” የሚል ማዕረግ ሰጠቻቸው። እሳቸውም ማዕረጉን ሳያመነቱ ተቀበሉ።

“ክቡር ገዢ፣ እንደምን አደሩ?”

“እግዚአብሔር ይመስገን። ዛሬ ልገዛ ነው የመጣሁት።”

“እልል ልበል?”

“ቆይ፣ አትቸኩዪ። መጀመሪያ ልለካው።”

ይለኩታል። ሌላው ሰው ላፕቶፕ ሲገዛ ስለ ፍጥነቱ ይጠይቃል፣ ስለ ባትሪው ይጠይቃል። እሳቸው ይህን ሁሉ ከጠየቁ በኋላ ክዳኑን ዘግተው ወርዱን፣ ቁመቱንና ውፍረቱን በሜትር ይለካሉ፤ ከጆሯቸው ላይ እርሳስ አውርደውም ደብተራቸው ላይ ያሰፍራሉ። ላፕቶፑ ራሱ ኮት ሊያሰፋ የመጣ ነበር የሚመስለው። በመጨረሻም ከንፈራቸውን ይመጥጣሉ።

“ወገቡ ሰፋ።”

“ጋሼ፣ ላፕቶፕ እኮ ወገብ የለውም።”

“ወገብ የሌለው ነገር የለም። አነስ ያለ ጠፋ?”

አነስ ያለው በእርግጥም ጠፍቷል። ኔትቡክ ይባሉ የነበሩት ባለ አስር ኢንች ትንንሽ ማሽኖች ከገበያ ከወጡ ሰነባብተዋል። ይህንንም መቶ ጊዜ ነግራቸዋለች፤ መቶ ጊዜም ሰምተው፣ በመስኮቱ ውጭ ውጭውን እያዩ፣ “የተሠራ ነገር የትም አይሄድም፤ የሆነ ሰው ቤት ቁጭ ብሏል” ይላሉ።

ባለመግዛት ደግሞ እንደሳቸው የተማረ ሰው አይገኝም። ከስድስተኛ ክፍል አላለፉም፤ ነገር ግን ከየላፕቶፑ ጎን የተለጠፈውን ጽሑፍ እየገለበጡ፣ ያልገባቸውን እየጠየቁ፣ ሁለት ደብተር ሞልተዋል። አንድ ቀን አንዲት እናት ልጇን አስከትላ መጣች። ሻጯ አዲሱንና አንጸባራቂውን ማሽን ከመደርደሪያው አውርዳ ገና መወልወል ስትጀምር፣ ከጥግ ድምፅ መጣ።

“እናት፣ ልጁ ምን ሊሠራበት ነው?”

“ለትምህርቱ ነው። ሊጽፍበት።”

“እንግዲያው ያንን አንጸባራቂውን ተዪው። ለመጻፍ ይሄ ያገለገለው ይበቃዋል። ራሙ ስምንት ጊጋ ነው፣ ባትሪው ተቀይሯል። ሽፋኑ ያማረ ሁሉ ገበሩ አያምርም።”

እናትየዋ ያገለገለውን ገዝታ፣ መርቃቸው ወጣች። ሻጯ ወገቧን ይዛ ቆመች።

“ጋሼ፣ ጠላቴ ነዎት ወዳጄ?”

“ወዳጅሽ ነኝ። በኋላ ታመሰግኚኛለሽ።”

በሳምንቱ ያቺ ሴት ሦስት ጎረቤቶቿን ይዛ መጣች። ሻጯ አመሰገነቻቸው፤ በሆዷ ብቻ፣ አፏን ገጥማ።

እንዲህ እያለ ጊዜው ነጎደ። የሚያቀርቡት ምክንያት ሁልጊዜ ዋጋ ነበር። አቅሜ እስከዚህ ነው ብለው ቁጥሩን ይናገራሉ፤ ማሽኑ እዚያ ዋጋ ላይ ሲደርስ ቁጥራቸው ደግሞ ዝቅ ብሎ ይጠብቀዋል። አንድ ሰኞ ሻጯ እልህ ያዛትና አንዲት ያገለገለች ግን ደህና የሆነች፣ ባለ አስራ ሁለት ኢንች ላፕቶፕ አውጥታ ፊታቸው አስቀመጠች።

“ባለፈው ሰኞ ‘በዚህ ዋጋ ባገኝ ዛሬውኑ እወስድ ነበር’ ያሉት ስንት ነበር?”

ነገሯት።

“ይኸው በዚያው ዋጋ። ውሰዷት።”

ክቡር ገዢ ላፕቶፗን ለኳት። እንደገና ለኳት። ከዚያም ሜትሩን ቀስ ብለው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት።

“ዋጋው አይደለም፣ ልጄ” አሉና ወጡ።

ሻጯ ሜትሩን እያየች ቀረች። ልብስ ሰፊ ሜትሩን ረስቶ ሲወጣ አይታ አታውቅም። አጣጥፋ ያዘችውና ሱቋን ዘግታ ተከተለቻቸው።

የልብስ ስፌት ሱቋ ጠባብ ናት። ሁለት የስፌት መኪና አለ፤ አንደኛው ነጭ ጨርቅ ለብሷል። ግድግዳው ላይ በወፍራም እስክሪብቶ “ልብስ ለሰው ይሰፋል እንጂ ሰው ለልብስ አይሰፋም” ተብሎ ተጽፏል። ያለ ልካቸው ጠባብ ልብስ አምጥተው ለሚጨቃጨቁ ደንበኞች የተጻፈ ነው። እሳቸው ስልካቸውን የክር ጥቅል ላይ አስደግፈው፣ መነጽራቸውን አንዴ እያወለቁ አንዴ እያጠለቁ፣ ሩቅ ከተማ ካለችው ልጃቸው ጋር እየተነጋገሩ ነበር።

“አባዬ፣ እየው! እየው! ሊቆም ነው!”

“የታለ?”

“ይኸው እኮ፣ ሶፋውን ይዞ! አየኸው?”

“አየሁት! ጎበዝ! አየሁት!”

“ወደቀ። አባዬ፣ ትልቅ ስክሪን ያለው ግዛ አላልኩህም? ልጁ እስኪያገባ ነው የምትጠብቀው?”

“ልገዛ ነው። ዛሬ ነገ ነው።”

ስልኩ ሲዘጋ ሻጯን በሩ ላይ ቆማ አዩዋት። ማፈር አልቻሉም፤ ደክሟቸዋል።

“አላየሁትም” አሉ። “የልጅ ልጄ ሲቆም አላየሁትም። ባለቤቴ ‘የልጄ ፊት በስልክ የሸሚዝ ቁልፍ አክሎ ቀረ’ ትል ነበር። ከቤት ሱቅ፣ ከሱቅ ቤት ይዘናት የምንመላለስ ማሽን ነበር ያማራት።”

ወደ ግድግዳው ጠቆሙ። ምስማር ላይ ትንሽ ሰማያዊ የጨርቅ ቦርሳ ተሰቅላለች፤ ማሰሪያዋ አንድም ቀን አልተፈታም።

“ሱቅሽን በከፈትሽ ዓመት መስኮትሽ ላይ አንዲት ባለ አስር ኢንች ነበረች። ባለቤቴ በዓይኗ ለክታት መጣችና ይህችን ሰፋች። ‘ልብሷ ካለ እሷ አትቀርም’ አለች። እኛ ገንዘቡን ሳንሞላ ማሽኗ ተሸጠች። በዚያው ዓመት ባለቤቴም አረፈች።”

ሻጯ ያቺን ትንሽ ማሽን ለማን እንደሸጠቻት ለማስታወስ ሞከረች፤ አልመጣላትም።

“ስለዚህ አራት ዓመት ሙሉ ለቦርሳዋ የሚሆን ላፕቶፕ ነው ሲፈልጉ የኖሩት?”

“እንደሱ ስትዪው ያስቃል።”

“ጋሼ፣ ግድግዳዎ ላይ የጻፉት ምን ይላል?”

ዞረው አነበቡት፤ ሌላ ሰው የጻፈው ይመስል ቀስ ብለው።

“እውነትሽን ነው። ግን የሷ እጅ ስፌት ነው። ልፈታው ብዬ መቀሱን አንስቼ አውቃለሁ። እጄ እምቢ አለኝ።”

ሻጯ ሜትሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ተመለሰች።

በተከታዩ ሰኞ ክቡር ገዢ አልመጡም። ማንም አላስቸገራትም፤ ማንም ላፕቶፕ ወገብ አለው አላላትም። ሁለት ሰዎች ገብተው ሳይጠይቁ ገዝተው ወጡ፤ ሱቁ ግን ባዶ መሰላት። ማክሰኞ እግር ኮቴ በሰማች ቁጥር ቀና አለች። ስለ ግድግዳው ጽሑፍ ደፍራ ስለተናገረቻቸው ራሷን ወቀሰች፤ ለእሳቸውም ጸለየች።

ሐሙስ ቦርሳዋን ብብታቸው ውስጥ ሸጉጠው መጡ።

“ልጄ፣ ነይ እዪ።”

የቦርሳዋ ጎን ተፈትቷል። ከውስጥ፣ በግራ ሁለት ጣት፣ በቀኝ ሁለት ጣት፣ ከታችም እንዲሁ፣ ጨርቁ ታጥፎ በሰፋፊው ተወስውሷል።

“እሷ የተማሪ ዩኒፎርም ስትሰፋ ሁሌ ጨርቅ አስተርፋ ነው የምታጥፈው። ‘ልጅ ያድጋል’ ትላለች። ለካ ለዚህችም አስተርፋላታለች። ሠላሳ ዓመት አብሬያት የሰፋሁ ሰው፣ ዳርና ዳሩን መዳበስ ፈርቼ አራት ዓመት!” ሳቁ፤ ዓይናቸው ግን ሞልቶ ነበር። “ያቺ ባለ አስራ ሁለቷ አለች?”

አልተሸጠችም። ሻጯ ከጠረጴዛዋ ሥር ነበር ያስቀመጠቻት፤ ለምን እንዳስቀመጠቻት ራሷንም አልጠየቀችም። እሳቸው እጥፋቱን ፈትተው ሲዘረጉት ላፕቶፗ ቦርሳዋ ውስጥ ልክክ አለች። ክቡር ገዢ ሒሳቡን ከፍለው፣ አመስግነው፣ ቦርሳዋን ደረታቸው ላይ አቅፈው ወጡ።

በማግስቱ በሩን ሳይገቡ ከውጭ ጮሁ። “ጥርስ አለው እኮ! ሁለት ጥርስ! ማንም አልነገረኝም!”

ሻጯም አብራ ደስ አላት። ማታ ሱቋን ስትዘጋ ግን አንድ ሐሳብ ከነከናት። እንግዲህ ገዝተዋል፤ የገዛ ሰው ምን ሊሠራ ይመጣል?

ሰኞ ጠዋት ሜትራቸው አንገታቸው ላይ እንደተንጠለጠለ ከተፍ አሉ።

“ክቡር ገዢ! ደግሞ ምን ጎደለ?”

“ማውዝ ያስፈልጋል አሉ። ልገዛ ነው የመጣሁት” አሉና ወንበር ስበው ተቀመጡ። “ግን አልቸኩልም።”

ሱቁ ውስጥ አምስት ዓይነት ማውዝ ነበር። ሻጯ አንዱን ብቻ አውጥታ ፊታቸው አኖረች፤ አራቱን ለሚመጡት ሰኞዎች ብላ ከመደርደሪያው ጀርባ ገፋ አደረገቻቸው።